ስለ ሐብሩና ወልዲያ ውሾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ወሎ ዞን የእንስሳት ጤናና የሰው ጤና ኃላፊዎች፣
ለወልዲያና ለመርሳ ከተማ አስተዳደሮች፣
ለሐብሩ ወረዳ የግብርና ባለሙያዎች፣
ውሻ ለምታሳድጉ ወገኖቼም ሁሉ፣

ጉዳዩ፦ የውሾችን አመጋገብና ጤና ይመለከታል



ከጦርነት ገና ባላገገመ አካባቢ ሆኖ ስለ ውሻ ምግብ ደብዳቤ መጻፍ ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስላል። «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ!» የሚለኝ ጎረቤት አለኝ፤ አልቀየመውም። ነገር ግን የሐብሩ አርሶ አደር እሸቱን ከዝንጀሮና ከጃርት፣ ሌሊት ደግሞ በረቱን ከጅብ የሚያስጠብቀው በውሻ ነው። ያ ውሻ የሚበላው ነገር ዞሮ ዞሮ በበጎቻችን አንጎል፣ በልጆቻችን ጉበትና ሳንባ ውስጥ ይገኛል። ስለ ውሻ የጀመርኩት ነገር ስለ ሰው መሆኑን እያነበባችሁ ታዩታላችሁ።

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አስፋልት መርሳን ሰንጥቆ ያልፋል። በጧት ከአንዱ ሥጋ ቤት ጓሮ ብቅ ያለ ሰው የምለውን ያየዋል። በጉ ይታረዳል፣ ይገፈፋል፣ ሆድ ዕቃው ይወጣል። ሳንባው ላይ ነጣ ያለ፣ በጠራ ውኃ የተወጠረ ከረጢት አለ፤ አንዳንዱ የርግብ እንቁላል፣ አንዳንዱ ብርቱካን ያህላል። አራጁ ይህ ለሰው እንደማይሆን ያውቃል። በቢላው ጎምዶ ወደ አጥሩ ይወረውረዋል። አጥሩ ሥር ሦስት አራት ውሾች ቁጢጥ ብለው ይጠብቃሉ፤ ቁራጩ መሬት ሳይነካ ይቀለባል። አራጁ ክፉ ሰው አይደለም። የታመመውን ለሰው አልሸጠም፣ የተራበውንም አበላ። እኛም በየቤታችን በአረፋ፣ በፋሲካ፣ በገናና በመስቀል የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ያ ከረጢት ግን በውስጡ በሺህ የሚቆጠር የኮሶ ትል ዘር ይዟል። ውሻው ሲውጠው ትሎቹ አንጀቱ ላይ ይጣበቁና ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ አድገው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። አንዷ ትል ርዝመቷ ከ7 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በዓይን አትያዝም፤ ውሻውም አይከሳም፣ አያስመልሰውም፣ ጤነኛ ይመስላል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ፣ በጎመኑ መደብ፣ በምንጩ ዳር ይበተናል፤ በፀጉሩም ላይ ይቀራል። በግ ከሣሩ ጋር ሲግጠው ሳንባው ላይ ከረጢት ይጀምራል። ቡችላ አቅፎ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ደግሞ ከረጢቱ በሕፃኑ ጉበት ይጀምራል። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድግና ልጁ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ሆዱን ወይም ደረቱን ወጥሮ ይዞት ሐኪም ቤት ያስገባዋል፤ ብዙ ጊዜም መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ይሆናል። ይህ በሽታ በአገራችን ደቡብ በሐመርና በኛንጋቶም፣ ከድንበር ማዶም በኬንያ ቱርካና ብዙ ሰው እንደጎዳ በጥናት የታወቀ ነው።

የበግ ጭንቅላትም የራሱ ጣጣ አለው። በግ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ጥላ ባለችበት ስትሽከረከር፣ ከመንጋው ተነጥላ አለት ስትገፋ ያላየ እረኛ የለም። አዙሪት ነው። አንጎሏ ውስጥ የተቀመጠው ከረጢት ከሌላ የውሻ ኮሶ ትል የመጣ ነው። ባለቤቷ ከመሞቷ በፊት ያርዳትና ጭንቅላቷን እንዳለ ለውሻው ይሰጠዋል፤ ውሻው አጥንቱን ሰብሮ አንጎሉን ይበላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በግ ትዞራለች። ገበሬው በጉን የጣለበትን በሽታ በገዛ እጁ ለሚቀጥለው መንጋ ያስተላልፋል፤ ይህን የነገረው ሰው ስለሌለ እርሱ ላይ አልፈርድም። የሚነግረው ባለሙያ በየቀበሌው መኖር ነበረበት።

መፍትሔው ከባድ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አይስላንድ የምትባለው የበግ አርቢዎች ደሴት በ19ኛው መቶ ዘመን የሳንባና የጉበት ከረጢት በሚያመጣው ትል ከተጎዱት አገሮች ሁሉ የባሰች ነበረች። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1863 ሄዶ ውሾቹን መረመረ፤ ከአራቱ ከአንዱ የሚበልጠው ትሉን ይዞ አገኘው። በማግስቱ ዓመት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተዘጋጅታ በየቤቱ በነጻ ታደለች፤ ምክሯም የታመመውን ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት የሚል ነበር። ቆይቶም ሕግ ወጣበት። ያች አገር ያኔ ድኻ ነበረች፣ የሚታረደውም በየቤቱ ነበር፤ ዛሬ በሽታው ከምድሯ ጠፍቷል። የአይስላንድ ገበሬ መጽሐፏን በማንበብና ጉድጓድ በመቆፈር የሠራውን የሐብሩ ገበሬ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

በየቄራውና በየሥጋ ቤቱ ጓሮ ክዳን ያለው፣ ውሻ ሊጭረው የማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ይኑር። ጉድጓድ በሌለበት ሳንባውንና ጉበቱን ለግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ትሉን ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሻው ቢበላው ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ምግብ ነው። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ሆዳቸውን ያጸዱ ነበር። ለውሻም የሚያስፈልገው እንዲሁ ያለ ልማድ ነው፤ የውሻ ኮሶ ትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሲሆን በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ይበቃል። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በየስድስት ሳምንቱ ቢሰጥ የተመረጠ ነው፤ ካልተቻለ በዓመት አራት ጊዜ፣ በተለይም ከታላላቅ በዓላት በኋላ። ለከብት የሚሰጠው አልቤንዳዞል ለብዙ ትል ይረዳል፤ ለዚህኛው የውሻ ትል ግን አይታመንበትም። መድኃኒቱን በሰጣችሁ በሁለት ሦስት ቀን የሚወጣውን ዓይነ ምድር ሰብስባችሁ ቅበሩት። ለዚህ ሁሉ ከተማ አስተዳደሩ የሚያወጣው ወጪ ምን ያህል እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የታሸገ የውሻ ምግብ የሚገዛ ሰው በእኛ አካባቢ ብዙም የለም፤ አያስፈልገንምም። የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት በውኃ ተገንፍቶ፣ ከተቀቀለ የአጥንት መረቅ ወይም ከተቀቀለ ጨጓራ ጋር ተለውሶ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ እንቁላል ከተጨመረበት ውሻን ጠንካራ አድርጎ ያኖራል። አጓት የሚስማማው ውሻ ካለ ይጠጣ። ጧትና ማታ ሁለት ጊዜ መስጠት አንድ ጊዜ ሆዱን ከመንፋት ይሻላል። የምታጠባ ውሻ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከወትሮዋ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ትፈልጋለች፤ በዚያ ጊዜ የተራበች እናት ቡችሎቿን ትታ ወደ ገበያው ትሄዳለች፣ ከዚያም የእናንተ ጠባቂ የነበረችው የጎዳና ውሻ ትሆናለች። ቡችላ ከአራተኛ ሳምንቱ ጀምሮ ቀጠን ያለ ገንፎ በቀን አራት ጊዜ ይብላ። ውኃ ደግሞ ሁልጊዜ ይኑር፤ በግራናና በመርሳ ቆላ ሙቀት ጥላ በሌለበት የታሰረ ውሻ ውኃ ካላገኘ በግማሽ ቀን ሊሞት ይችላል።

ልንተዋቸው የሚገቡም አሉ። ከትሪ የተረፈውን ወጥ ለውሻ መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ወጣችን ግማሹ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራሉ። ባዶውን እንጀራ ስጡት፤ ወጥ የነካውን ተዉት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አንጀት ይበሳል። ውሻውን አሞታል ብሎ ለሰው የተሠራ የራስ ምታት ክኒን መስጠት ኩላሊቱንና ጉበቱን ሊያጠፋው ይችላል። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን ውሻ ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ነው፤ ውሻ ገላውን ይልሳል፣ መርዙንም አብሮ ይልሳል።

ከሁሉም በላይ ግን የሻገተ ማሽላና በቆሎ አስጨንቆኛል። ዝናብ በወቅቱ ሳይቆም የታጨደ እህል በክምሩ ውስጥ ሲሻግት «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻ ይሁን» እንላለን። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የውሻን ጉበት ያደርቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በዚህ መርዝ በተበከለ የፋብሪካ ምግብ ከመቶ በላይ ውሾች ሞተዋል። ያ እህል ለዶሮም ለላምም አይሁን፤ ከላሟ ወተት ውስጥ ገብቶ ወደ ሕፃኑ ይደርሳልና።

ቡችላ ደም የቀላቀለ፣ የሚከረፋ ተቅማጥ ሲይዘው ብዙ ጊዜ ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ነው። ወተት አታጠጡት፤ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ አፉ ውስጥ እያንጠባጠባችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፣ ከሌሎች ቡችሎችም ለዩት። ቫይረሱ መሬት ላይ ለወራት ይቆያልና ቡችላው በሞተበት ግቢ ወዲያው ሌላ አታምጡ።

የተከበራችሁ የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የጎዳና ውሻ ሲበዛ የተለመደው መፍትሔ በሥጋ ላይ የተነሰነሰ ስትሪክኒን ነው። በሌሊት ይጣላል፤ ጧት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በየመንገዱ እየተንቀጠቀጠ የሚሞት ውሻ ያያሉ። ጭካኔው አንድ ነገር ነው። ሥራውም ከንቱ ነው። የአንድን ከተማ የውሻ ብዛት የሚወስነው የሚገኘው ምግብ ነው፤ ቆሻሻ ክምሩና የቄራው ተረፈ ምርት እስካለ ድረስ የሞተው ውሻ ቦታ በጥቂት ወራት ከገጠር በመጣ፣ ምንም ክትባት ባላገኘ ውሻ ይሞላል። መርዙ ባለቤት ያለውን፣ የተከተበውንም ውሻ አይለይም። እብድ ውሻ የሚሉትን በሽታ ለማቆም ከአሥር ውሾች ሰባቱ መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ የተከተበን ውሻ መግደል ከሰባቱ አንዱን በገዛ እጅ መቀነስ ነው።

ጥንብ አንሳዎቹም ያልቃሉ። የተመረዘውን ውሻ ሬሳ የሚበላው አሞራ አብሮ ይሞታል። በየቄራችን የምናያት ትንሿ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አእዋፍ ጋር ተመዝግባለች። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አብዛኞቹን ጥንብ አንሳዎቿን ለከብት በሚሰጥ ዳይክሎፌናክ በሚባል መድኃኒት ምክንያት አጣች፤ ሬሳውን የሚያነሳ ሲጠፋ የጎዳና ውሻው በዛ፣ ከውሻው ጋርም ንክሻው በዛ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታገደ፤ አሞራዎቹ ግን እስካሁን አልተመለሱም።

እብድ ውሻ በአገራችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የተመዘገበው የመጀመሪያው ወረርሽኝ በ1903 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ፓስተር የምንለው ተቋም፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ለአሥርት ዓመታት ክትባቱን ከበግ አንጎል እያዘጋጀ አገሩን አገልግሏል፤ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ የተወጉ አዛውንቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። አሁን ያለው ክትባት ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በዓለም 59 ሺህ ያህል ሲሆን ከመቶው 99 የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው። ከሚሞቱትም መካከል ብዙ ልጆች ይገኛሉ።

ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ልጃችሁን ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ይህ ብቻውን ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ከዚያ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻውን ወዲያው አትግደሉት፤ ማሰር ከተቻለ አስራችሁ ለ10 ቀን ተመልከቱት፣ በደኅና ከቆየ ሲነክስ በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው። መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ድንጋይና እንጨት የሚያኝክ፣ የኋላ እግሩ የሚሸመደመድ ውሻ ካያችሁ ግን ሳትጠጉ ለቀበሌው አሳውቁ። ጠበሉንም ዱዓውንም አልነካም፤ ሁለቱም የሕዝቤ ናቸው። ተበጥብጦ የሚጠጣው እንዶድ ግን ራሱ ሰው የሚገድል ነው፤ ቫይረሱንም አያቆምም። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ጊዜው ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ብቻ ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ አካባቢያችን በጦርነት ሲታመስ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ መብራት ለወራት ጠፍቷል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ መብራት የሌለበት ፍሪጅ ደግሞ ባዶ ሳጥን ነው። ያፈናቀለን ጦርነት ውሾቹንም ያለ ጌታ አስቀርቷል፤ ተመልሰን በየጎዳናው ካገኘናቸው ብዙዎቹ ያሳደግናቸው ነበሩ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የተዘረፈውን ፍሪጅ የመተካት ሥራ ስትሠሩ የእንስሳት ክሊኒኩንም ፍሪጅ አስቡት እንጂ።

ሌላም ያለን አለ። በዞናችን ከላስታ በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም የቀሩት ጎልማሶቹ ከ500 አይበልጡም። በባሌ ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታና የውሻ ዲስቴምፐር በተደጋጋሚ መንጋ መንጋውን ጨርሷቸዋል፤ በዚያ ለብዙ ዓመታት የገበሬውን ውሻ መከተብ የቀበሮውን ሕይወት ማትረፊያ ሆኗል። በላስታ ተራራ ሥር ያለ አንድ ውሻ ሲከተብ የሚተርፈው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከተሞቹ መርዝ ማስቀመጥን በግልጽ ውሳኔ ይተዉ፤ ለመርዙ የሚወጣው ገንዘብና የሰው ጉልበት ወደ ክትባት ይዙር። ሥጋ ቤት ፈቃድ ሲያድስ ጓሮው ውስጥ ክዳን ያለው ጉድጓድ መኖሩ ይታይ። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ካምፓስና የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በደጃችን ናቸው፤ አዙሪትና የሳንባ ከረጢት በየቀበሌው ምን ያህል እንደሆነ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይቁጠሩልን። የእንስሳት በሽታ የሚመረምር ላቦራቶሪ ኮምቦልቻ አለ፤ ሰው ነክሶ የሞተ ውሻ ናሙና ያለ ውጣ ውረድ የሚላክበት መንገድ ይዘርጋ። የመስጊድ ኢማሞችና የአጥቢያ ካህናት አብረው ይስበኩ፤ ውሻን ወደ ቤት አታስገቡ የሚለው ሥርዓት ያለበት እስልምና ውኃ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን ያስተምራል፤ በአልዓዛር ቁስል አጠገብ የነበሩትን ውሾች ደግሞ ክርስቲያኑ ያውቃቸዋል። በወሎ ሁለቱን ቤት አንድ አጥር እየለየ አንድ ውሻ የሚጠብቅበት ግቢ ብዙ ነው።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። በመስቀል በየግቢው እርድ አለ፤ ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ አገሩ ገብቷል፤ ውሻውም ቤቱ ነው። በዚያ ቀን በወልዲያ፣ በመርሳ፣ በግራና፣ በውርጌሳና በሲሪንቃ የክትባት ቦታ ይዘጋጅ፤ ከሦስት ወር በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ ይምጣ፣ በዓመቱ ደግሞ ይደገም። ጉድጓዱ ከመስቀል በፊት ይቆፈር። እኔ የግቢዬን ውሾች ይዤ ከሚሰለፉት አንዱ ነኝ፤ ገመድ ለሌለው ገመድ አመጣለሁ፣ የሚሮጠውንም ለመያዝ እረዳለሁ። እናንተ ቀኑንና ቦታውን አስታውቁን።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሐብሩ ነዋሪ
መርሳ